ለሰብሳቢዋ ሂሳብ እንላክ ወይስ እስኪመዘገቡ እንጠብቅ?

ጥያቄው፦ «በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምንኖር 14 ሴቶች ነን። እያንዳንዳችን በወር 50 ዶላር እናዋጣለን። ገንዘቡን ልንሰጥ ያሰብነው በደቡብ ወሎ በአንዲት የወረዳ ከተማ ላለ ቡድን ነው። በቡድኑ ውስጥ 11 ሴቶች (አብዛኞቹ ቡና አፍልተው የሚሸጡ፣ ሁለት መምህራን፣ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ) እና ሃያ ገደማ ተማሪ ልጃገረዶች አሉ። ያለዕድሜያቸው ሊዳሩ የታሰቡ ልጆችን ያስጥላሉ፣ ከትምህርት እንዳይወጡም ይታገላሉ። ምዝገባም ማኅተምም የላቸውም። ገንዘቡን ለሰብሳቢዋ የግል ሂሳብ እንላክ ወይስ ድርጅት ሆነው እስኪመዘገቡ እንጠብቅ? ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ መቀበል ክልክል ነው የሚሉን አሉ። ጥሬ ገንዘብ ከመስጠት የልብስ ስፌት ማሽን ገዝተን ብንልክ ይሻላል የሚሉም ከመካከላችን አሉ። ገንዘቡ መንገድ ላይ እንዳይቀር ምን እናድርግ?»

ለሰብሳቢዋ ሂሳብ አትላኩ፤ ምዝገባም አትጠብቁ። በዚያው አካባቢ የሚሠራ አንድ የተመዘገበ አገር በቀል ድርጅት ገንዘቡን በአደራ ይቀበል፤ አወጣጡን የሚወስኑት ግን ሴቶቹ ይሁኑ። የሦስት ዓመት ቃል ግቡላቸው። የምትገቡት ቃል ከምታዋጡት ያነሰ ይሁን፣ በምን ላይ እንደሚውልም ከሜሪላንድ ሆናችሁ አትደንግጉ። ማሽኑን ተዉት። ምክንያቶቹ እነሆ።

መጀመሪያ የ10 በመቶው ነገር። እሱ የተሻረ ሕግ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በሰብዓዊ መብት፣ በፆታ እኩልነትና በሕፃናት መብት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ ምንጭ የሚያገኙት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር። ጉዳቱ ቀላል አልነበረም። ለተደበደቡና ለተደፈሩ ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሂሳቡ እስከመታገድ ደርሶ ሥራው ክፉኛ ተዳክሞ ነበር። ዛሬም ድረስ ወረዳ ላይ «መብት» እና «የውጭ ገንዘብ» የሚሉት ቃላት አንድ ላይ ሲነሱ ሰው የሚደነግጠው ከዚያ ዘመን በቀረ ፍርሃት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ግን ያንን ገደብ አንስቶታል። አሁን ያለው የወጪ ጣሪያ ሌላ ነው፤ የተመዘገበ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሁለቱን ቁጥሮች እያቀላቀለ የሚያወራ ሰው ስለማይጠፋ ለይታችሁ ያዙ።

ያልተመዘገበ ቡድን ሕገወጥ ነው ማለትም አይደለም። አዋጁ ራሱ እድርን፣ ዕቁብንና መሰል ባህላዊ ስብስቦችን አይመለከትም፤ የእናንተዎቹ ሴቶች ዛሬ ባሉበት ሁኔታ ለዚያ ነው የሚቀርቡት። የሚጎድላቸው ሕጋዊ ሰውነት ነው። በቡድኑ ስም ውል መፈራረም፣ በቡድኑ ስም ከውጭ ገንዘብ መቀበል አይችሉም። መመዝገብ ከፈለጉ በር አለ። በፌዴራሉ አዋጅ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ፤ የምሥረታ ቃለ ጉባኤ፣ የመሥራቾች መታወቂያ ቅጂ፣ መተዳደሪያ ደንብ ያቀርባሉ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንም ማመልከቻው ተሟልቶ ከቀረበ በ30 ቀን ውስጥ ይወስናል። ነገር ግን ይህ ከአንድ ክልል በላይ ወይም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ለሚሠሩ ነው። በአንድ ወረዳ ብቻ የሚንቀሳቀስ ቡድን የሚመዘገበው በክልሉ ሕግ ስለሆነ አዲስ አበባ ሄደው ወረፋ እንዲይዙ አትምከሯቸው።

የምዝገባው ወረቀት ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፦ የበጀት ዓመቱ ባለቀ በሦስት ወር ውስጥ የሚቀርብ የሥራና የሂሳብ ሪፖርት፣ ሂሳብ የሚመዘግብ ሰው፣ የኦዲት ክፍያ፣ ጠቅላላ ጉባኤ። ገና በዓመት 6,000 ዶላር (ስሌቱን ወደታች ታገኙታላችሁ) የሚያንቀሳቅስ ቡድን ላይ ይህን ሁሉ ስትጭኑበት ሥልጣኑ ቀስ እያለ ሪፖርት መጻፍ ወደሚችሉት ሁለት መምህራን ይሄዳል። ቡና የሚያፈሉት ሴቶች ግን ናቸው የሠርግ ወሬ ቀድሞ ጆሯቸው የሚገባው፤ ድግሱ ሲታሰብ፣ ጌሾው ሲገዛ፣ ሽማግሌ ሲላክ የሚሰሙት እነሱ ናቸው። ቡድኑን ቡድን ያደረጉት ሴቶች በስብሰባ ጥግ ተቀምጠው «ፈርሚ» ሲባሉ ብቻ የሚፈርሙ ከሆነ ገንዘባችሁ ሥራውን ገደለው ማለት ነው። ስለዚህ ምዝገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት፣ ራሳቸው ከፈለጉት ብቻ ይምጣ።

የግል ሂሳቡን ለምን አትላኩበት እንዳልኩ ልግለጽ። ሰብሳቢዋ ትሰርቃለች ብዬ አይደለም። በትንሽ ከተማ የባንክ ቤት ወሬ አይደበቅም። ከአሜሪካ ስሟ ላይ ገንዘብ የገባላት ሴት በሳምንቱ «ሀብታም» ትሆናለች፤ የባሏ ወንድም ብድር ይጠይቃታል፣ ልጁ የተነጠቀ አባት ደግሞ «ለዶላር ብላ ነው ልጄን ያሳመጸችብኝ» ይላል። ብትታመም ወይም ብትሞት ገንዘቡ ከውርስ ንብረቷ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ባንኩም በተደጋጋሚ የሚገባው ገንዘብ ምንነት ሲጠይቃት የምታሳየው ወረቀት የላትም። የምር አማራጭ ካጣችሁ የሦስት ሴቶች የጋራ ሂሳብ፣ ማውጣት የሚቻለው በሦስቱም ፊርማ ሲሆን ብቻ፣ ለአነስተኛ ገንዘብና ለአንድ ጊዜ ይቻላል። የቋሚ ድጋፍ መንገድ አድርጋችሁ ግን አትያዙት።

ወደ አደራ ያዡ ልምጣ። አሠራሩ ይህ ነው፦ የተመዘገበው ድርጅት ገንዘቡን በራሱ ሂሳብ ይቀበላል፣ የራሱ ፕሮግራም አካል አድርጎ ይመዘግባል፣ በዓመታዊ ሪፖርቱና በኦዲቱ ውስጥ ያካትታል፣ ለቡድኑ ሥራ ይከፍላል። ለዚህ አገልግሎት ከገንዘቡ ከ5 እስከ 10 በመቶ መውሰዱ ተገቢ ነው፤ 8 በመቶ ላይ ብትስማሙ ማንም አልተጎዳም። በነፃ እሠራለሁ የሚለውን ድርጅት እኔ እጠራጠረዋለሁ፤ የሂሳብ ሠራተኛው ጊዜ ከአንድ ቦታ መከፈል አለበት፣ ካልተከፈለም ሥራችሁ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሆናል።

ድርጅቱን እናንተ አትምረጡ። መጀመሪያ ሴቶቹን «ማንን ታምናላችሁ? ማን መጥቶ ሰምቷችሁ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ሦስት ስም ሲሰጧችሁ ከእያንዳንዱ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን፣ የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት፣ የቦርድ አባላቱን ዝርዝርና በዚያ ወረዳ ስንት ዓመት እንደሠራ ጠይቁ። የኦዲት ሪፖርት ለማሳየት የሚያቅማማውን ወዲያው ዝለሉት።

ከአደራ ያዥ ጋር የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ገንዘቡ ይዘገያል፤ ድርጅቱ የራሱ ፕሮጀክት ደመወዝ ሲጎድልበት «ለጊዜው» ከእናንተ ገንዘብ ይበደራል፤ የቡድኑን ሥራ በራሱ ስም ፎቶ አንስቶ ለሌላ ለጋሽ ያሳያል። እነዚህን ሦስቱን የሚከለክል ሁለት ገጽ የሦስትዮሽ ስምምነት በእናንተ፣ በቡድኑና በድርጅቱ መካከል በአማርኛ ይጻፍ። ውስጡ የሚገባው ይህ ነው፦ የገንዘቡ መጠንና የሚላክበት ወር፤ የድርጅቱ ድርሻ፤ የቡድኑ ኮሚቴ በቃለ ጉባኤ ጠይቆ ከፈረመ ድርጅቱ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንደሚከፍል፤ ወጪውን ሕገወጥ ካልሆነ በቀር ድርጅቱ እንደማይሽር፤ ሂሳቡ በተለየ መዝገብ እንደሚያዝና ቀሪው በየሁለት ወሩ ለቡድኑ በጽሑፍ እንደሚነገር፤ የሚገዛው ዕቃ የቡድኑ ንብረት መሆኑ፤ ቡድኑ በሦስት ወር ማስታወቂያ ወደ ሌላ አደራ ያዥ መዛወር እንደሚችል። የመጨረሻዋ አንቀጽ ብዙ ጊዜ ትረሳለች፤ ያለሷ ግን ቡድኑ ታስሯል።

አሁን ቁጥሩን እንሥራ። 14 ሰው በ50 ዶላር በዓመት 8,400 ዶላር ነው። ይህን ሁሉ ቃል አትግቡ። ዕቁብ የጣለች ሁሉ እንደምታውቀው በሁለተኛው ዓመት የምትወልድ፣ ሥራ የምትቀይር፣ ወደ ቴክሳስ የምትሄድ አለች። 6,000 ቃል ግቡና 2,400ውን በመጠባበቂያ ያዙ፤ በሦስት ዓመት 7,200 ይሆናል፣ ይህም የአንድ ዓመት ከነትርፉ ማለት ነው። ከ6,000ው ለአደራ ያዡ 480፣ ለማስተላለፊያ 100 ገደማ ይሄዳል። 900 ዶላር ለአስቸኳይ ጊዜ ይለይ። ቀሪው 4,520 ያለ ቅድመ ሁኔታ የቡድኑ ነው። ቤት ኪራይ ይሁን፣ የትራንስፖርት ይሁን፣ ሞዴስና ደብተር ይሁን፣ የሴቶቹ የጊዜ ካሣ ይሁን፣ ራሳቸው ይወስኑ።

«ያለ ቅድመ ሁኔታ» የሚለው ላይ ከመካከላችሁ የምትቃወም እንደምትኖር አውቃለሁ። ልማዱ ገንዘብን በፕሮጀክት ማሰር ነው፤ «ለ40 ልጃገረዶች የሁለት ቀን ሥልጠና» ይባልና ውሎ አበል ተከፍሎ፣ ባነር ታትሞ ያልቃል። ቡድኑን በሕይወት የሚያቆየው ኪራይና የስልክ ካርድ ግን በየትኛውም ፕሮጀክት ውስጥ አይገኝም። የሴቶች ድርጅቶች በዓለም ዙሪያ የሚኖሩት በትንሽ ገንዘብ ነው። አዊድ የተባለው ዓለም አቀፍ የሴቶች መብት ማኅበር ከ740 የሚበልጡ ድርጅቶችን ጠይቆ ባገኘው መሠረት በ2010 እ.ኤ.አ. ግማሾቹ የዓመት ገቢያቸው ከ20,000 ዶላር አይበልጥም ነበር። በዚህ መጠን ላይ ያለ ድርጅት የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በፕሮጀክት እጦት ሳይሆን በኪራይ ነው።

ጊዜው ከመጠኑ እኩል ወሳኝ ነው፤ ለጋሾች በብዛት የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ያለ ሰው ልግስናው ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ገንዘቡም ሲላክ ሲገለበጥ ጥር አጋማሽ ይደርሳል። በወሎ ገጠር ጥር ሰብል ገብቶ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ የሠርግ ወር ነው። የዚያ ዓመት ውሳኔዎች ያን ጊዜ አልቀዋል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ላኩ፦ የመጀመሪያውን በሐምሌ መጨረሻ፣ መስከረም ትምህርት ሳይከፈት ደብተርና ምዝገባው እንዲደርስ፤ ሁለተኛውን በጥቅምት መጨረሻ፣ የሠርጉ ወሬ ሳይጀመር። የሙስሊም ቤተሰቦች የሠርግ ጊዜ በሌላ አቆጣጠር ስለሚሄድ የአካባቢውን ቀን ሴቶቹን ጠይቁ፤ ደቡብ ወሎ ላይ ይህን መርሳት ግማሹን ሰው መርሳት ነው።

የአስቸኳይ ጊዜዋ 900 ዶላር ምን ትሠራለች? አንድ ሐሙስ ማታ እናስብ። የ14 ዓመት ተማሪ ለጓደኛዋ «እሑድ ነው» ብላ ትነግራለች። ጓደኛዋ ለቡድኑ። በቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነችን ልጅ ያገባ እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት ሊታሰር ይችላል። ሕጉ ጥርት ያለ ነው። አባትየው ግን «ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው» ይላል፣ የልደት ምስክር ወረቀትም የለም። የትምህርት ቤት መዝገብ ካልበቃ ሆስፒታል ወስዶ ዕድሜዋን ማስመርመር ያስፈልጋል። ስለዚህ አርብ ጠዋት ለባጃጅና ለአውቶቡስ፣ አብራት ለምትሄደው ሴት ምሳ፣ ለካርድ ማውጫ ገንዘብ ያስፈልጋል። አደራ ያዡ ጋ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ለዚህ አይደርስም፤ 10 የሥራ ቀን ማለት ከሠርጉ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከአስቸኳዩ ገንዘብ ጥቂቱ በከተማዋ በጥሬው ይቀመጥ፤ የሂሳብ ሰዎች ፔቲ ካሽ የሚሉት። ለአንድ ሁለት ጉዳይ ከሚበቃው አይበልጥ፣ ሲያልቅም ወጪው ተመዝግቦ ይተካ። ሣጥኑ አንዷ ቤት፣ ቁልፉ ሌላዋ ዘንድ ይሁን፤ ሁለቱ በእግር አምስት ደቂቃ የሚቀራረቡ ይሁኑ፣ ዘመዳሞች ግን አይሁኑ። የቁጠባ ቡድኖች ሦስት ቁልፍና ሦስት ያዥ ይጠቀማሉ፣ ለቁጠባ ጥሩ ነው፤ ለሐሙስ ማታ ግን ሦስተኛዋ ገበያ ሄዳ ትገኛለች።

ሂሳብ አያያዙን አታወሳስቡት። አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ፣ ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ ለምን፣ ቀሪ፣ ሁለት ፊርማ። ማንበብ የማትችል አባል በጣት አሻራዋ ትፈርም፣ ከመፈረሟ በፊትም ጮክ ተብሎ ይነበብላት። ደረሰኝ የሚሰጥ ሱቅ ካለ ደረሰኝ ይያዝ። እንጨት የሸጠች ሴትና የባጃጅ ሾፌር ደረሰኝ የላቸውም፤ ለዚያ የሻጩ ስም፣ የተከፈለው ብር፣ ቀኑና ፊርማው ወይም አሻራው ያለበት፣ ሁለት አባላት የመሰከሩበት ወረቀት ይበቃል። አደራ ያዡ ይህን እንደሚቀበል ከወዲሁ በስምምነቱ ውስጥ አስገቡ፤ አለበለዚያ በዓመቱ መጨረሻ ኦዲተሩ «ማስረጃ የሌለው ወጪ» ብሎ ይዘረዝረዋል፣ ሴቶቹም ያላጠፉትን ሲያስረዱ ይከርማሉ።

በመዝገቡ ላይ የልጅቷ ስም በፍጹም አይጻፍ። ቁጥር ይሰጣት፤ «ጉዳይ 7፣ ትራንስፖርት»። ስምና ቁጥር የሚያገናኘው ወረቀት አንዲት ሴት ዘንድ ብቻ ይቀመጥ። መዝገቡ በወረዳም፣ በአደራ ያዡም፣ በእናንተም እጅ ስለሚያልፍ ስም ከተጻፈበት ከተማው ሁሉ አወቀው ማለት ነው።

ለእናንተ የሚቀርበው ሪፖርት በእንግሊዝኛ አይሁን፣ ሠንጠረዥም አትላኩላቸው። በየሦስት ወሩ የመዝገቡን ገጾች ፎቶ በቴሌግራም ይላኩ፣ ከዚያም አሥር ደቂቃ የድምፅ መልእክት፦ ምን አሰባችሁ፣ ምን ሆነ፣ ምን ቀየራችሁ። ከአደራ ያዡ ደግሞ በየስድስት ወሩ የሂሳብ መግለጫ። መንገድ ሲዘጋ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ሪፖርት ይዘገያል፤ ገንዘቡን በዚያ ምክንያት አታቋርጡ። ሁለት ተከታታይ ሪፖርት ኔትወርክ እያለ ካልመጣ ግን ቀጣዩን አትላኩ፣ ደውሉ።

«በሴቶችና በልጃገረዶች የሚመራ» ሲባል ልጃገረዶቹ ምን ይመራሉ? አብዛኛውን ጊዜ ምንም፤ ግጥም ያነባሉ፣ አበባ ይሰጣሉ። ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ውል መፈረምም ሆነ የባንክ ፈራሚ መሆን ስለማትችል በወረቀት ላይ አትኖርም። ከ4,520ው ላይ 600 ዶላሩን ለብቻው ለይቶ በትምህርት ቤቱ ያሉት ልጃገረዶች ብቻ በምሥጢር ድምፅ የሚወስኑበት ማድረግ ይቻላል፤ የሚፈርሙት ሁለት አዋቂ ሴቶች ናቸው፣ መቀየር ግን አይችሉም። ፍሪዳ የተባለው የወጣት ሴቶች ፈንድ ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ ድጋፍ የጠየቁት ቡድኖች ራሳቸው የእርስ በርስ ማመልከቻ አንብበው ድምፅ ይሰጣሉ። አንዲት ማስጠንቀቂያ፦ የሚመርጡት እናንተን ላያስደስት ይችላል። ቤተ መጻሕፍት ስትጠብቁ የመጸዳጃ ቤት በር ከነመቀርቀሪያው ሊመርጡ ይችላሉ። በር የሌለው ሽንት ቤት ለወር አበባ ቀን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና ዝም ብላችሁ ክፈሉ።

ማሽኑን ተዉት ያልኩበት ምክንያት ቀላል ነው። የስፌት ማሽን ለጋሽን ደስ ያሰኛል፣ ፎቶም ይወጣል። ከስድስት ወር በኋላ ግን መርፌና ቀበቶው ከሩቅ ከተማ ይመጣል፣ የሚሰፋ ሰው ሁሉ ገበያው ውስጥ አስቀድሞ ሞልቷል፣ ማሽኑ በማን ቤት ይደር በሚል ጠብ ይነሳል። ቡድኑ ማሽን እንደሚያስፈልገው ራሱ ከወሰነ ከአገር ውስጥ ይግዛ። ከሜሪላንድ የተላከ ዕቃ ደግሞ የጉምሩክ ጉዳይም ይጨመርበታል።

የጊዜ ካሣን በተመለከተ ከሁሉም ፈንጂው ጥያቄ ይህ ነው። ከ11 ሴቶች አንዷን ደመወዝተኛ ካደረጋችሁ አሥሩ ሥራውን ለእሷ ትተው ይሄዳሉ። ቡናዋን ዘግታ ቀኑን ወረዳ የዋለች ሴት ግን ያጣችው ገቢ ሊተካላት ይገባል። ተመኑ ለሁሉም እኩል ይሁን፣ በቀን ይሰላ፣ በጠቅላላ ስብሰባ ተወስኖ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

በእናንተ በኩል ያለው ደግሞ ይህ ነው። ገንዘቡ በአንዷ የግል ሂሳብ በዜል (በአሜሪካ ባንኮች የስልክ ገንዘብ መላኪያ) እየተጠራቀመ ከሆነ ያው ሰብሳቢዋ ላይ ያልኩት ሁሉ እሷም ላይ ይሠራል። አጭር መተዳደሪያ ደንብ ጽፋችሁ፣ ከአሜሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት በነፃ የሚሰጠውን የድርጅት መለያ ቁጥር አውጥታችሁ ሁለት ፈራሚ ያለው ሂሳብ ክፈቱ። ከግብር ተቀናሽ እንዲሆንላችሁ ከፈለጋችሁ ለውጭ አገር ቡድን በቀጥታ የተሰጠ ስጦታ እንደማይቀነስ እወቁ። 501(ሐ)(3) የሚባለውን የበጎ አድራጎት ደረጃ ያገኘ የአሜሪካ ድርጅት ያስፈልጋል። የዓመት ገቢው 50,000 ዶላር የማይደርስ ድርጅት ደረጃውን ለመጠየቅ ቅጽ 1023-ኢዜድን በ275 ዶላር ክፍያ ማስገባት ይችላል፤ ከዚያ በየዓመቱ ቅጽ 990-ኤን ማስገባት ግዴታ ነው፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ ከተረሳም ደረጃው በራሱ ይሰረዛል። የሚረሱት ብዙ ናቸው። እንዲያውም በ8,400 ዶላር ለዚህ መሯሯጥ በመጀመሪያው ዓመት አያዋጣም፤ ደረጃው ካለው ከአንድ የማኅበረሰብ ድርጅት ሥር ሆናችሁ መጀመር ትችላላችሁ። የትኛውም ቢሆን የአሜሪካው ድርጅት ገንዘቡ የት እንደሚሄድ የመወሰንና የመከታተል ሥልጣኑ በእጁ መሆን አለበት፤ ዝም ብሎ አስተላላፊ ቱቦ ከሆነ ተቀናሽነቱ ይቀራል። ጎፈንድሚ በተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ካሰባችሁ ኢትዮጵያ ያለ ተቀባይ በቀጥታ ማውጣት ስለማይችል ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ወደ እናንተ ሂሳብ ነው።

ማስተላለፉ ከባንክ ወደ ባንክ፣ ከድርጅት ወደ ድርጅት ይሁን። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር ስምምነቱን በዶላር ጻፉት፤ በምንዛሬ የሚገኘው ትርፍም የቡድኑ ይሁን፣ የዋጋ ንረቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና። ሁለቱም ወገን የዕለቱን ምንዛሬ የሚያሳየውን የባንክ ማስታወቂያ ይያዙ። በጥቁር ገበያ መላክን አታስቡት። የምታተርፉት ጥቂት ብር ነው፤ ጥያቄ በተነሳ ቀን ግን የገንዘቡን ምንጭ ማሳየት የማይችሉት እናንተ ሳትሆኑ ወረዳው ፊት የሚቆሙት ሴቶች ናቸው።

ከእናንተ ሌላ ምንጭ እንዲኖራቸውም አግዟቸው፤ በአንድ ለጋሽ ላይ ብቻ የቆመ ቡድን ለጋሹ ሲያስነጥሰው ይታመማል። መቀመጫው ኔዘርላንድስ የሆነው ማማ ካሽ በ1983 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው፣ ያልተመዘገቡ ቡድኖችንም ያያል። ፍሪዳ በወጣት ሴቶች ለሚመሩ ቡድኖች ነው። አክራ የሚገኘው የአፍሪካ ሴቶች ልማት ፈንድ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ናይሮቢ ያለው ኧርጀንት አክሽን ፈንድ አፍሪካ ደግሞ ለመብት ተሟጋች ሴቶች አስቸኳይ ድጋፍ የሚሰጥ ነው፤ ከሴቶቹ አንዷ ቢዛትባት ወይም ብትታሰር የሚታሰበው እሱ ነው። ማመልከቻ መጻፉን እናንተ ልታግዙ ትችላላችሁ። ሐሳቡን ግን በአማርኛ እነሱ ይናገሩ፣ እናንተ ተርጉሙ። አሳምራችሁ ከጻፋችሁላቸው ያልተስማሙበትን ሥራ ሲሠሩ ይኖራሉ።

ገንዘባችሁ ሊያደርገው የማይችለውንም ልናገር። መጠለያ አይሆንም። ከቤት የወጣችን ልጅ አንዷ አባል ቤት ደብቆ ማቆየት ደግነት ይመስላል፤ ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሳይነገር ከተደረገ ግን ቤተሰብ «ልጄን ጠለፉብኝ» ብሎ ሊከስ ይችላል፣ ልጅቷም የሚጠብቃት የሠለጠነ ሰው የላትም። ቡድኑ ልጅቷን አጅቦ ወደሚመለከተው ያድርስ፣ ይከታተል፤ ከዚያ በላይ እንዲሄድ አትግፉት። የልጆቹን ፎቶ አትጠይቁ፣ ቢልኩላችሁም አትለጥፉ፤ ፌስቡክ ላይ «ከጋብቻ ያዳንናት» ተብላ የወጣች ልጅ ዘመዶቿ ሲልቨር ስፕሪንግም አሉ። ቤተሰቡ ልጁን የሚድረው ስለተራበ ከሆነ ደግሞ የእናንተ 6,000 ዶላር ረሃቡን አያነሳም። ያ ቤት በሚቀጥለው ጥርም ይሞክራል፤ የሦስት ዓመት ቃል ያልኩትም ለዚህ ነው።

ከአሁን ጀምሮ የምትሠሩት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። በዚህ ሳምንት ለቡድኑ ደውላችሁ፣ ሰብሳቢዋን ብቻ ሳይሆን ቢያንስ አምስቱን በአንድ ላይ፣ ስለ አደራ ያዡ ጠይቁ። በሚቀጥለው ወር የድርጅቶቹን ኦዲት አንብቡ፣ ስምምነቱን በአማርኛ ረቂቅ አውጥታችሁ ለሴቶቹ በስልክ አንብቡላቸው፣ ያስተካከሉትን አስገቡ። ከመጀመሪያው ሙሉ ክፍያ በፊት 500 ዶላር ብቻ ልካችሁ መንገዱን ሞክሩ፦ ከእናንተ ሂሳብ ወጥቶ የጽሕፈት መሣሪያና የመዝገቡ ደብተር ሆኖ ወረዳዋ እስኪደርስ ስንት ቀን ወሰደ? ከሦስት ሳምንት በላይ ከፈጀ የቱ ጠረጴዛ ላይ እንደቆየ አጣርታችሁ ሳታስተካክሉ ቀሪውን አትልቀቁ።